የመሪ ደቦ በቤቴል
መኪናቸውን በራሳቸው እጅ ለማሻሻል ለሚሹ ተማሪዎች የቀረበ ትምህርት

በተማሪዎች መኖሪያና በሻይ ቤት ስለ አውቶሞቢል የማይነገር ነገር የለም። አንዱ የቮልሱን ድምፅ ያደንቃል፤ ሌላው የዲኤክሱን ቸርኬ ያወድሳል፤ ሦስተኛው ምንም መኪና ሳይኖረው ከሁለቱም አብልጦ ይናገራል። የወሬውም መጨረሻ ዘወትር መሪ ነው። «ትንሽ ስፖርት መሪ ባስገባላት፣ በትንሽ ማዞር ቶሎ እንድትታጠፍ ባደርጋት» የማይል የለም። እኛም ከወሬ ወደ ሥራ ለመሸጋገር ስለ ቈረጥን፣ ባለፈው ጥር ወር በአንድ ቅዳሜ 4 መኪናና 14 ሰው ሆነን በቤቴል በአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ ግቢ ተሰበሰብን። ያየነውን፣ የተማርነውንና ሳናውቅ ልንሳሳት የነበረውን፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ጓደኞቻችን ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ስፖርት መኪና ማን አለው?

ስፖርት መኪና ስንል አንባቢ እንዳይስቅብን እንለምናለን። የተማሪ ስፖርት መኪና ማለት አባት ወይም አጎት የተወው አሮጌ አውቶሞቢል ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን አሮጌ ይዞ መጠገን የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆኗል።

ከ4ቱ መኪናዎቻችን ሁለቱ ቮልስ፣ ሁለቱ ዲኤክስ ነበሩ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣ ነው። ዲኤክስ የምንለው ቶዮታ ኮሮላም ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራ የድሮ ሰው ነው። ሁለቱም ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መካከላቸው 2 ሜትር ከ40 ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ያስታውስልን፤ ኋላ ለሒሳብ እንፈልገዋለን። ቮልስን የሚንቅ ቢኖር፣ ይኸው መኪና በ1954 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በዚያ ሁሉ ጭቃና አቧራ ውስጥ አሸንፎ እንደ ነበረ እናስታውሰዋለን።

መሪን የሚመለከት ትልቅ ለውጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መኪና በኢትዮጵያ ቀድሞ በመንገዱ ግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስዊድን ይህንኑ ያደረገችው ከእኛ በኋላ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ግማሹ ሰው ዛሬ፣ ግማሹ ነገ ይዛወር ቢባል ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያቅትም። ከዚህ አንድ ቁም ነገር ወስደናል፤ ይኸውም የመሪ ነገር በግማሽ አይሠራም የሚል ነው። ወይ ተሠርቶ ያልቃል፣ ወይ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

ስለ መሪ አሠራር ጥቂት

መሪው በአንድ ዘንግ አማካይነት ወደ መሪ ሳጥን ይወርዳል። በሳጥኑ ውስጥ ጥምዝ የሆነ ብሎን አለ፤ ይኸውም የእጃችንን ብዙ ዙር ወደ ጥቂት ማዞር ለውጦ ጉልበቱን ያበዛዋል። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ አግድም የተዘረጉትን ዘንጎች ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል፤ ዘንጎቹም በየጫፋቸው ባለው ኳስ መሰል መጋጠሚያ፣ ማለት ቴስቲኒ በምንለው፣ ከጎማው የመሪ ክንድ ጋር ይያያዛሉ። በቮልስ ላይ ከሳጥኑ በላይ አንድ ክብ የጎማ ማያያዣ ይገኛል፤ እርሱ ሲሰነጠቅ መሪው ይላላል። በዲኤክስ ላይ ደግሞ ከሳጥኑ ማዶ ዘንጉን የሚደግፍ ሌላ ክንድ አለ፤ የእርሱ ቦኮላ ሲበላ ሳጥኑ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች በእኩል መጠን እንደማይታጠፉ ብዙ ሰው ልብ አይልም። የኋላው ዘንግ መካከል 5 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ሲዞር፣ በጎማና በጎማ መካከል 1 ሜትር ከ30 ስፋት ያለው መኪናችን የውስጥ ጎማውን ወደ 29 ዲግሪ፣ የውጭውን ወደ 23 ዲግሪ ማጠፍ አለበት። የውስጡ ጎማ ትንሹን ክብ ስለሚዞር ነው። ይህን ዘዴ የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር አወጣው፤ አከርማን የተባለው ሰው በ1818 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አስመዘገበው፤ ስሙም ለአከርማን ቀረ። የመሪ ክንዶች ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነበሉት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ክንዱን በዘፈቀደ ያጣመመ ወይም ያሳጠረ ሰው ይህን ስሌት ያፈርሳል፤ ጎማውም እየተፋተገ ያልቃል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ከደቦው በፊት በነበረው ረቡዕ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ይህ ምሽት ነው።

1ኛ፤ ስለ ትንሽ መሪ። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መሪ በ32 ብንለውጠው፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ከ20 ወደ 16 ይወርዳል። 20 ለ16 ሲካፈል 1.25 ነው። ስለዚህ ቀድሞ በ4 ኪሎ ጉልበት ይዞር የነበረው መሪ 5 ኪሎ ይጠይቃል።

2ኛ፤ ስለ አጭር ክንድ። መሪው ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር 3 ዙር ተኩል ቢዞርና ጎማው በጠቅላላው 70 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ 1,260 ለ70 ሲካፈል 18 ይሆናል። መሪው 18 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ ይታጠፋል ማለት ነው። 12 ሳንቲ ሜትር የሆነውን የጎማ ክንድ ወደ 10 ብናሳጥረው፣ 18ቱ ወደ 15 ይወርዳል። ከዳር እስከ ዳር 3 ዙር የማይሞላ ስለሚሆን ቶሎ ይታጠፋል። ነገር ግን ጉልበቱ በ1.2 ይባዛል፤ ከትንሹ መሪ ጋር ሲደመር የፊተኛው 4 ኪሎ 6 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም የባሰው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ በዘንጉና በቴስቲኒው ላይ የሚያርፈው ኀይል በዚያው በ1.2 ያድጋል። በአዲስ አበባ ጉድጓድ እንደማይጠፋ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው።

3ኛ፤ ስለ ላላ መሪ። ይህ ሁሉንም ያስደነገጠን ስሌት ነው። አንድ መሪ ጎማው ሳይንቀሳቀስ በጠርዙ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወዛወዝ፣ ብዙ ነጂ «ለምዶብኛል» ብሎ ይተወዋል። የ40 ሳንቲ ሜትር መሪ ዙሪያው 126 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 3ቱ ሳንቲ ሜትር ከ8 ዲግሪ ተኩል ይበልጣል፤ ለ18 ሲካፈል በጎማው ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሆናል። ግማሽ ዲግሪ ምንድን ነው? የጎማው ርቀት 2.40 በሆነ መኪና ላይ ግማሽ ዲግሪ ማለት 290 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለውን ክብ መጀመር ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ በዚህም ጊዜ ከመስመሩ 2 ሜትር ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ጎን ይወጣል። ነጂው መሪውን ሳያዞር፣ እጁም በቦታው እያለ ማለት ነው። ሁለት ሜትር ደግሞ የእግረኛው፣ የሱቁ ደጃፍ፣ ከፊት የሚመጣው አውቶቡስ ቦታ ነው።

ይህን ካሰላን በኋላ የደቦውን ዓላማ ለወጥነው። መጀመሪያ «መሪ ለማፍጠን» ነበር፤ ኋላ ግን «መሪን አጥብቆ ለመመርመርና ለመጠገን፤ ማሻሻሉ የሚደረገው ምርመራውን ላለፈ መኪና ብቻ ነው» ብለን ጻፍን። ሁለት ጓደኞቻችን ተቃውመው ነበር፤ ክርክሩም እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ በድምፅ ተወሰነ።

የደቦው አደረጃጀት

ደቦ ባለ ብዙ እጅ ነው፤ ብዙ እጅ ግን ደንብ ከሌለው ብሎን ይጥላል። ስለዚህ ሥራውን እንዲህ ከፋፈልነው።

ቦታው፤ ከመንገድ ዳር መሥራት አልፈለግንም። የቤቴል አካባቢ ቁልቁለትና ዳገት የሚበዛበት ስለሆነ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበትና የተስተካከለ ግቢ እስክናገኝ ጠበቅን። መሬቱ ያዘነበለ ከሆነ መኪናውም ይንሸራተታል፣ ልኩም ይሳሳታል። ወሩም ጥር የሆነው ክረምት ስላልሆነ ነው፤ ጭቃ ላይ ክሪክ አይቆምም።

ሰዉ፤ ለእያንዳንዱ መኪና 3 ሰው መደብን። የቀሩት ሁለቱ አንዱ መሣሪያ ጠባቂ፣ ሁለተኛዋ ጸሐፊ ሆኑ። ጸሐፊዋ የአምስት ኪሎ ተማሪ ስትሆን፣ በደብተሯ ላይ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠራል ተባለ። ከሁሉም በላይ በሠፈሩ ከ30 ዓመት በላይ መካኒክ ሆነው የኖሩ አንድ አዛውንት መርማሪ እንዲሆኑልን ለመንን። ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ሞተር ቢጠፋባችሁ ትቆማላችሁ፤ መሪ ቢጠፋባችሁ የት ትቆማላችሁ?» ብለው ሳቁና እሺ አሉን። እኛም ጋሼ እያልን ቃላቸውን ሕግ አደረግነው።

ደንቡ፤ አምስት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ የብረት መቆሚያ ወይም ወፍራም የእንጨት ግንድ ከሥሩ ይደረጋል፤ ድንጋይና ብሎኬት ስለሚሰነጠቅ አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ ያጠበቀ ሰው አይመረምርም፤ የመረመረ ሰው በዳዶው ላይ ነጭ ቀለም ያሠምራል። መሥመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ተፈትቷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ምርመራ ያላለፈ መኪና ከግቢ አይወጣም፤ የማንም ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢቸኩል። አራተኛ፣ በመሪ ዕቃ ላይ ብየዳ የለም። አምስተኛ፣ የደቦ ጠላ የሚቀዳው የመጨረሻው መኪና ከተሞከረ በኋላ ነው። የበዛ ቅሬታ የተነሣው በአምስተኛው ላይ እንደ ነበረ አንደብቅም።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) መኪናው በጎማው እንደ ቆመ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። የላላው መጋጠሚያ ራሱን በጣት ያሳብቃል። በጠርዙ ላይ ያለው መወዛወዝ በማስመሪያ ተለክቶ ይጻፋል።

ለ) ከዚያ የፊቱ ከፍ ብሎ በመቆሚያ ላይ ይደረግና ጎማው ግራና ቀኙን ተይዞ ይነቀነቃል፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ቴስቲኒውን መጠርጠር ነው። ላይና ታቹን ተይዞ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ኩሽኔቱን ወይም ጎማው የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ ማየት ያስፈልጋል።

ሐ) ቴስቲኒ የሚለወጥ ከሆነ፣ አሮጌው ሲፈታ ስንት ዙር እንደ ዞረ ይቈጠራል፤ አዲሱም በዚያው ቍጥር ይገባል። ያልለቀቀ ቴስቲኒ ጥርሱ ላይ አይመታም፤ የያዘው ቀለበት ከሁለት ወገን በሁለት መዶሻ በአንድ ጊዜ ሲመታ ራሱ ይለቃል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ኮፒሊያ የምንላት ቀጭን ማሰሪያ አዲስ መሆን አለባት። አሮጌዋን አቃንቶ መመለስ በጥቂት ሳንቲም ሕይወትን መሸጥ ነው።

መ) የመሪ ሳጥን የሚስተካከለው ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ ነው። ሳጥኑ ሲሠራ መካከሉ ጠበቅ፣ ዳርና ዳሩ ላላ ተደርጎ ነው። ጎማው ታጥፎ ሳለ ያጠበቀ ሰው፣ መሪው መካከል ሲደርስ ይታነቅበታል። ከመጠን በላይ የጠበቀ መሪም ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም።

ሠ) መሪው ራሱ ሲለወጥ፣ በመጀመሪያ ዘንጉና መሪው በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ዳዶው ጨርሶ ሳይወጣ በጥቂት ጥርስ እንደ ተያዘ መሪው ይሳባል፤ ያለዚያ ድንገት ሲለቅ ፊትን ይመታል። አዲሱ መሪ ከዘንጉ ጥርስ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ «በቆርቆሮ ይሞላል» የሚል ምክር አይሰማም። ኤር ባግ ያለበት ወይም መሪው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መኪና ግን በደቦ አይነካም።

ረ) በመጨረሻ የጎማዎቹ አቅጣጫ በሲባጎ ይለካል፤ ከፊትና ከኋላ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ልዩነቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው፤ ልኩን የፋብሪካው መጽሐፍ ይናገራል። ይህ ልክ መኪናውን ወደ አላይመንት ቤት ለማድረስ ያህል ነው እንጂ አላይመንትን አይተካም። ሙከራውም በመጀመሪያ በግቢው ውስጥ ጎማውን እስከ ዳር በማጠፍ፣ የፍሬን ቱቦ ከጎማ ጋር እንዳይነካካ በማየት፣ ቀጥሎም ጭር ባለው የውስጥ መንገድ በዝግታ ይደረጋል። ወደ ጦር ኃይሎች የሚወርደውን ዋና መንገድ ለሙከራ አልተጠቀምንበትም።

አራተኛዋ መኪና

እስከ ቀትር ድረስ ሁሉ መልካም ነበር። የመጀመሪያው ቮልስ የጎማ ማያያዣው ብቻ ተለወጠ። የሁለተኛው ባለቤት 32 ሳንቲ ሜትር መሪ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሒሳቡን ካየ በኋላ 36 ካለው ጓደኛው ጋር ተለዋወጠ፤ ጉልበቱም የጨመረው 11 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ዲኤክስ ሁለት ቴስቲኒ ተለውጦለት 4 ሳንቲ ሜትር የነበረው መወዛወዝ ወደ 1 ወረደ።

አራተኛዋ ዲኤክስ የአንድ ጓደኛችን አባት ናት። አባቱ ማታ ማታ ሰው እያመላለሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩባት ናት። ልጁ ለአባቱ የነገራቸው «ላሳጥባት ነው» ብሎ ነበር፤ ሐሳቡ ግን የመሪውን ክንድ አሳጥሮ ቶሎ እንድትታጠፍ ማድረግ ነው። የግራውን ጎማ ፈትተን የክንዱን ጭቃ በብረት ብሩሽ ስንጠርግ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። ክንዱ ከዚህ ቀደም ተሰብሮ ተበይዷል፤ ከብየዳውም ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ይህ ክንድ በፋብሪካ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ጠባዩ ተለውጦ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁም እንደሚጠበቀው የጀመረው ከዚያው ነው።

«ልጄ፣ ይህችን ማን በየዳት?» አሉ ጋሼ።

«አላውቅም ጋሼ፤ አባዬ አምና ጉድጓድ መትተው አንድ ቦታ አሠርተዋት ነበር።»

ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ቤታቸው ዓለም ባንክ ነው፤ ቀስ ብሎ ቢሄድ ይደርሳል፤ አባቱ ዛሬ ማታ ሥራ አላቸው» አልን። ይህን ያልነው ከእኛው መካከል ስለ ደኅንነት ከሁሉ ይበልጥ የሚናገሩት እንደ ነበሩ ማመን ይገባናል። ጸሐፊዋ ግን ደብተሯን ገልጣ ሦስተኛውን ደንብ ድምፅዋን ሳታሰማ በጣቷ አሳየችን። ጓደኛችን አባቱን ጠራ።

አባቱ በታክሲ መጡ፤ ፊታቸውም ተቈጥቶ ነበር። «ላሳጥባት ነው ያልከኝ ይህን ነው?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ክንዱን አውጥተው በእጃቸው አስያዟቸውና ስንጥቁን በመብራት አሳዩአቸው። አባትየው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ትናንት ማታ አራት ሰው ጭኜ እንጦጦን ወርጃለሁ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ልጁም ያን ዕለት ስለ ፈጣን መሪ ደግሞ አላነሣም።

መኪናዋ ከግቢው ሳትወጣ 3 ቀን ቆየች። ሰኞ ዕለት ሁለታችን ከጋሼ ጋር ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን፣ ከሌላ ዲኤክስ የወጣ፣ ያልተበየደና ያልተጣመመ ክንድ እስክናገኝ ብዙ ሱቅ ዞርን። ክንዱ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ መለወጡ የሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ነበር። ያን ያህል ቀላል ሥራ በብየዳ መተካቱ ነው የሚያሳዝነው። ዋጋውን ከደቦው መዋጮ ከፈልን፤ አባትየው ከሥራ የቀሩባቸውን ማታዎች ግን መክፈል አልቻልንም። እርሳቸውም አልጠየቁም፤ በሳምንቱ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን «እነዚያ ልጆች ይዩላችሁ» ብለው ላኩልን እንጂ።

ለሚከተሉን

ከዚህ በኋላ ተመሳሳይ ደቦ ማዘጋጀት የሚፈልጉ ጓደኞች ቢኖሩ፣ ሦስት ነገር እንመክራለን። መጀመሪያ፣ ሒሳቡን ከመፍቻው በፊት አንሡ፤ ወረቀት ላይ የተሰበረ ክንድ ማንንም አይገድልም። ሁለተኛ፣ ከፋብሪካው ልክ የሚያወጣ ለውጥ ካሰባችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ ዓመታዊ ምርመራ እንዳለበት አትርሱ፤ ቦሎ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው። የማታሳዩትን ሥራ አትሥሩ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ የሚበልጥ አዋቂ ሳትይዙ አትጀምሩ። እኛ 13ታችን ያንን ክንድ አይተን «ጭቃ ነው» ብለን ነበር።

ስለ ጠላው የሚጠይቅ አይጠፋም። በዚያ ቅዳሜ የመጨረሻው መኪና ስላልተሞከረ አልተቀዳም፤ ማክሰኞ ማታ አራተኛዋ ዲኤክስ በአባትየው እጅ ከግቢ ስትወጣ ተቀዳ። እንደ ደንባችን ነው።